የአውራ ጣቱ ካርድ

ሊፈታው የተነሣው ችግር በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ነበር። «ፖልትሩን» የሚባል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ፈሪ ማለት ነው። ግን «ፈሪ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ዝሆንን «እንስሳ» ብሎ እንደ ማለፍ ነው፤ አልተዋሸም፣ ምንም ግን አልተባለም። ቃሉ ዛሬ ከእንግሊዞቹም አፍ ርቋል። የሚያገኘው ያረጀ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው። ያ ሰው ወደ መዝገበ ቃላት ሮጦ «ፈሪ» ብቻ ተብሎ ከተሰናበተ፣ በር አንኳኩቶ «የሉም» እንደተባለ እንግዳ ይመለሳል።

ይህ የሚያሳስበው ሰው ጋሽ እርማት ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ከረሳው ቆይቷል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሃያ አንዱን ያሳለፈው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ «ሰዓቱን ከመክፈትህ በፊት ጆሮህን ስጠው» ይሉት ነበር፤ እሱም ቃል ሲያገኝ መጀመሪያ ያዳምጣል። ስህተት ካየ ግን አያስችለውም። በገዛ አማቱ ቀብር ላይ በአበባ ጉንጉኑ ጥብጣብ አንዲት ፊደል ተገድፋ አይቶ፣ እስክሪብቶ አውጥቶ ሲያቃና ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ያን ሰሞን ነው።

ቤቱ የሚሠራበት መንገድ ካልታወቀ ነገሩ አይገባምና፣ አስቀድመን እሱን እንየው። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሰባት ጠረጴዛ፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ አርባ ስምንት የእንጨት መሳቢያ፣ ከመስኮቱ ሥር ጎማ ጠጋኝ ያለበት ጎዳና፤ ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለ። በካርዱ ላይ አራት መስመር ይጻፋል፤ ቃሉ፣ ፍቺው፣ አመጣጡ፣ ምሳሌው። አንድ ሰው በሰማያዊ ይጽፋል። ሌላ ሰው፣ አረጋጋጩ፣ ይመረምረውና ስህተት ካለበት ይመልሰዋል፤ ከሌለበት በቀኝ ግርጌ በቀይ ይፈርማል። ይህ «የሁለት እጅ ደንብ» ይባላል። ስህተት ታትሞ ቢወጣ የሚጠየቀው የጻፈው አይደለም፤ በቀይ የፈረመው ነው።

አንዲት ያልተጻፈች ልማድም አለች። ጸሐፊው ስለ አንድ መስመር ከተጠራጠረ ከመስመሩ ጎን በእርሳስ ቀጭን ነጥብ ያደርጋል። «እዚህ ጋ እግሬ አልጸናም፣ እባክህ እይልኝ» ማለት ነው። በቤቱ ውስጥ ሰው አፍ አውጥቶ «አላውቅም» አይልም፤ ነጥብ ያደርጋል። አረጋጋጩም መልሱን አጣርቶ ነጥቡን በላጲስ ያጠፋል። በዚህች ነጥብ ስንት ኩራት ከውርደት እንደዳነ ቢቆጠር ያስደንቃል!

ጋሽ እርማት ፖልትሩንን ያገኘው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ አንድ የባሕር ጉዞ ትረካ ውስጥ ነው። አንዱ መርከበኛ ሌላውን በዚህ ቃል ይሰድበዋል፤ የተሰደበው ሰው ጩቤ ይመዛል። ጋሽ እርማት ንባቡን አቆመ። «በደፈናው ፈሪ ቢለው ኖሮ እዚህ ይደርሱ ነበር?»

በአማርኛ የፈሪ ድርቅ የለብንም። ድንጉጥ አለ፤ በር ሲንኳኳ ይዘላል፣ ልቡ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ቦቅቧቃ አለ፤ ስድቡ ውስጥ ሳቅ አለበት፣ የሰማው ሁሉ ሰውየው ሲንቀጠቀጥ ይታየዋል። ወኔ ቢስ የጎደለውን ነገር በስሙ ይጠራል። ሐሞተ ቢስ ድፍረትን ሆድ ዕቃ ውስጥ ቦታ ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው «ሐሞቴ ፈሰሰ» የሚለው ለዚህ ነው። እንግሊዞቹም «ጉበቱ የነጣ» የሚሉት ፈሪ አላቸው። እኛ ሐሞት ስንል እነሱ ጉበት፤ ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው!

ፖልትሩን ግን ሌላ ጠረን አለው። እንግሊዞቹ ከፈረንሳይ ወሰዱት፤ ፈረንሳዮቹ ከጣሊያን። በጣሊያንኛው «ፖልትሮኔ» ፈሪም ሰነፍም ነው። ጣሊያኖቹስ ከየት አመጡት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ጋሽ እርማት ሦስት መልስ አገኘና በሦስት ቁራጭ ወረቀት ጻፋቸው፤ እንደ ልማዱም በእያንዳንዳቸው ላይ የቀን ማህተም መታ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ቃሉ የመጣው መኝታ ከሚል አሮጌ ቃል ነው ይላል፤ ሌላው ሲወጣ ተጋድሞ የሚቀር ሰው። ዛሬም ጣሊያኖች ምቹ ባለመደገፊያ ወንበርን «ፖልትሮና» ይሉታል። ሁለተኛው ደግሞ ያልተገራ ውርንጭላ ከሚለው ነው ይላል፤ ጥላውን አይቶ የሚበረግግ። ብዙ ሊቃውንት ዛሬ ወደዚህኛው ያዘነብላሉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይጣፍጣል። በላቲን «አውራ ጣቱ የተቆረጠ» ከሚል ሐረግ ነው፤ መሣሪያ እንዳይዙ ጣታቸውን ቆርጠው ከጦር የቀሩ ሰዎች ስም ነው ይላል። በጥንት ሮም እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ሕግም ይቀጣቸው ነበር። ቃሉ ግን ከነሱ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ የቀድሞ ሊቅ ገመተው፣ ብዙዎች ተቀባበሉት፣ የኋለኞቹ መርምረው ጣሉት። ጋሽ እርማት በሦስተኛው ቁራጭ ግርጌ በቀይ እንዲህ ሲል ለራሱ ጻፈ፦ «ጣፋጭ፣ ግን ሐሰት። እንዳትታለል።»

ቁራጮቹን አስቀመጣቸው፤ የፒ ፊደል ተራ እስኪደርስ። ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ መረዋ መጣ።

መረዋ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሬዲዮ ላይ ጠዋት ጠዋት ዜና ያነብ ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ተከትሎት መጣ። ሲስቅ የመሳቢያው ቀለበቶች የሚንጫጩ ይመስላል። ዘበኛው ለጋሽ እርማት ከተቀመጠበት ራሱን ይነቀንቃል፤ ለመረዋ ይነሣል። ጋሽ እርማት ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አስተዋለ፤ ከዚያም በየቀኑ ማየት ሥራው ሆነ። የመረዋ መሳቢያ ሲከፈት አይጮኽም፤ የእሱ ይጮኻል። የመረዋ ካርድ ሐሙስ ሐሙስ በስብሰባ ላይ ሲነበብ ሰው ይስቃል፤ የእሱ ሲነበብ ሰው ይጽፋል። ሳቁ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ሳያስበው በሆዱ ይቆጥር ጀመር። አንድ ሐሙስ ላይ ዐሥራ አንድ ደረሰ።

ቤትም አላረፈም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋ አጠገብ ሬዲዮ አይጠፋም።

«ስማ እንጂ» አለችው አንድ ቀን ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ያ የጠዋቱ ዜና አንባቢ እናንተ ጋ ገባ አሉ?»

«ገባ።»

«ውይ! መልኩስ እንደ ድምፁ ነው?»

«አጭር ነው።»

«አጭርስ ቢሆን፣ ድምፁ ይደርስለታል።»

ጋሽ እርማት ያን ቀን እራቱን አልጨረሰም። ከዓመታት በፊት ለሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ካርድ ሲጽፍ፣ ቅናትና ምቀኝነትን በጥንቃቄ ለይቷቸው ነበር። ቅናት፣ ሌላው ያለውን ለራስ መመኘት ነው። ምቀኝነት፣ ሌላው እንዳይኖረው መመኘት ነው። ሁለቱንም ካርዶች የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር አድንቃ ነበር። እሱ ራሱ ግን በየትኛው ካርድ ላይ እንደቆመ ያን ሰሞን አልጠየቀም።

የቀድሞው ዋና አዘጋጅ ጡረታ ወጥተው ቦታቸው ባዶ ነበር። ከነቦታው የቀረች አንዲት ቆዳዋ የተሰነጠቀ ሰፊ ባለመደገፊያ ወንበር ጥግ ላይ አለች፤ የሚቀመጥባት የለም፣ በአጠገቧ የሚያልፍ ሁሉ ግን እጁን ያሳርፍባታል። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቃት ማን እንደሆነ ቤቱ ያውቃል። ዳይሬክተሯ አንድ የሙከራ ጥራዝ ታትሞ ለአስተማሪዎች እንዲላክ፣ አስተያየቱ ሲመለስም ከጋሽ እርማትና ከመረዋ አንዱ እንዲሾም ወሰነች። ጥራዙ የሚይዘው የፒን ፊደል ነው።

«ፒን ለመረዋ ሰጥቼዋለሁ» አለች።

«የፒን ቁራጮች የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሽ እርማት። አረጋጋጩ እርስዎ የሆኑት ለዚህ እኮ ነው። እሱ ያጣፍጠው፣ እርስዎ ይመዝኑት።»

የምትለው ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበው። የፒን ሣጥን ለመረዋ አስረከበ። ከማስረከቡ በፊት ግን የፖልትሩንን ሦስት ቁራጮች አወጣና ወደ ራሱ መሳቢያ ከተታቸው። መሳቢያው እንደ ልማዱ ጮኸ። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት መረዋ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ፖልትሩን የምትባል ቃል አስቸገረችኝ። ሣጥኑ ውስጥ ምንም የለም። ምናልባት እርስዎ ጋ...»

መሳቢያው የጋሽ እርማትን ጉልበት ይነካዋል። «የለም» አለ።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ብርቅ ቃል ነው። ፈሪ በለውና እለፍ።»

«ኧረ ጋሼ! ይህን ከእርስዎ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።» መረዋ ሳቀ። «ሰው ይታዘበናል። እስቲ የሆነ ነገር ልቆፍር።»

ቆፈረም። በአምስተኛው ቀን ካርዱ ሊረጋገጥ መጣ። ፍቺው መልካም ነበር። በአመጣጡ መስመር ላይ ግን፣ በዚያ በተዋበ የመረዋ ጽሕፈት፣ አውራ ጣቱን ቆርጦ ከጦር የቀረው ሰው ቁጭ ብሏል። አጻጻፉ ያምራል። ጋሽ እርማት ሲያነበው ጣቱን አጠፈ፤ ከዚያ በማጠፉ ተናደደ። ከመስመሩ ጎን በእርሳስ የተደረገች ቀጭን ነጥብ ነበረች።

ነጥቧን ለረጅም ጊዜ አያት። መረዋ ተጠራጥሯል፤ መረዋ እየጠየቀው ነው። መልሱ በጉልበቱ አጠገብ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። «ይመለስ» ብሎ ሦስቱን ቁራጮች ቢያያይዝለት፣ መረዋ ውርንጭላውን አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ሐሙስ ይነበባል፤ ሳቁም ዐሥራ አምስት ይደርሳል። ካላለ ደግሞ ጥራዙ ይታተማል፣ አዋቂ ሰው ያየዋል፣ ሬዲዮ አንባቢ መዝገበ ቃላት ምን ያውቃል ይባላል። ደንቡ አረጋጋጩን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። ቅናት ግን ደንብ አያነብም፤ የሚታየው የሌላው ሰው ስም ብቻ ነው።

ላጲሱን አነሣ። ነጥቧን አጠፋት። ብናኙን እፍ አለው። በቀኝ ግርጌ በቀይ ፈረመ።

ጥራዙ ወጣ። ያልተጠበቀው ነገር የደረሰው ያኔ ነው፤ ካርዱ ነገሠ! ከገጾቹ ሁሉ የአውራ ጣቱ ታሪክ ብቻ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አስተማሪዎች ደውለው አመሰገኑ። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ለመረዋ አውራ ጣቱን ያሳየው ጀመር።

«አለች! ቆጥረህ እመን!»

«ታዲያ ከምሽግ እንዳትቀር!» ይለዋል መረዋ።

«እኔማ ጣት አለኝ፣ የሌለኝ ጉልበት ነው!»

ደረጃው በሳቅ ይሞላል። ጋሽ እርማት ከኋላቸው ሲወጣ ሁለት አውራ ጣቶቹን በኮቱ ኪስ ደብቆ ነው። ለጠላቱ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠላቱ ከጉድጓዱ ውኃ አወጣበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ሠራ፤ ስህተቱን የሚያርም የአዋቂ ደብዳቤ እንዲመጣ መጸለይ ጀመረ።

መጣ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የቋንቋ አስተማሪ ናቸው፤ በጥሩ ትሕትና። «ጥራዙን ወድጄዋለሁ» ይላል ደብዳቤው፤ «የአውራ ጣቱ ነገር ግን ሊቃውንት ከተዉት ቆይቷል። አረጋጋጫችሁ ይህን እንዴት አሳለፈ?» ጋሽ እርማት «አረጋጋጫችሁ» የሚለውን ሲያነብ ጆሮው ጋለ። ደንቡ የከበደው ያን ጊዜ ነው።

ዳይሬክተሯ ሁለቱንም ጠራቻቸው። ካርዱ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ መረዋ ገና ሳይቀመጥ። «ታሪኩ ማረከኝ። ግን ተጠራጥሬ ነበር፤ የእርሳስ ነጥብ ያደረግሁ ይመስለኛል።»

ዳይሬክተሯ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ነጥብ የለበትም።»

መረዋ ጎንበስ ብሎ አየ። ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ። «እንግዲያው ረስቼው ነው። ሳላደርግ ያደረግሁ መስሎኝ። ያስገርማል፤ እጄ ሲያደርግ ትዝ ይለኛል እኮ።»

«ፊርማው የእርስዎ ነው ጋሽ እርማት» አለች። «ምን ሆነው ነው?»

መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። በሩ ተከፍቶለታል፣ መግባት ብቻ ነው። «አመለጠኝ» አለ ጋሽ እርማት።

በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ምንም አምልጦት አያውቅም። ፈጥኖ የተከራከረለት መረዋ ነው።

«ሰው ናቸው እንጂ! በሃያ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ። ያውም የኔን ካርድ ብዛት ሲያርሙ ዓይናቸው ደክሞ። ዳይሬክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ለዚያ ወንበር የምመጥነው እኔ አይደለሁም። እኔ ድምፅ አለኝ፤ እሳቸው ጆሮ አላቸው። ካርዴ ከሳቸው እጅ ተመልሶ ሲመጣ እኮ በልጅነቴ ደብተሬን እንደምቀበል ነው የምቀበለው። ስቀናባቸው ነው የኖርኩት። እሳቸውን ይሹሙልኝ።»

ዳይሬክተሯ ካርዱን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። «እንግዲያው ጋሽ እርማት፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ሰኞ መልስዎን ይንገሩኝ።»

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ከወጣ በኋላ ጋሽ እርማት በዚያች ወንበር ተቀመጠባት። ቆዳዋ ተንፍሳ ተቀበለችው። ምቹ ናት፤ በጣም ምቹ። ሃያ አንድ ዓመት ያሰባት ዓይነት ናት። የመጀመሪያው ቁራጭ ትዝ አለውና ብድግ አለ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ነበር። ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ቁራጮቹን፣ «የለም» ያለውን፣ ነጥቧን፣ «አመለጠኝ» ያለውን። መኪናዋን አቆመች። ሬዲዮውንም ዘጋችው፤ ይህን የምታደርገው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«በላጲስ?» አለች።

«በላጲስ።»

«አንተ፣ የእናቴን ጥብጣብ ቀብር ላይ ያረምከው ሰውዬ?»

ከወለሉ አንድ የወደቀ ክር አነሣ።

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ መዝገበ ቃላት አልሠራ።»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለ ቀስ ብሎ፤ «ነገሩ እኮ አልፏል። ካርዱ ይታረማል።»

«ዝም ያልከውማ ነቅዞ ይኸው ፊትህ ላይ ወጥቷል። ስማኝ፤ ልብስ ሲጠብ ሰው ሆዱን ይስባል። እስከ መቼ ይስባል? እኔ የማውቀው ስፌቱን መፍታት ነው። ስትፈታው ይጮኻል፣ ያስጠላል፣ የድሮው የመርፌ ቀዳዳም ይታያል። ግን ሌላ መንገድ የለውም።» ክሩን ቀጠለች። «ለኔ ማውራት ቀላል ነው። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናትህ በሌሉበት ወደኔ መጣህ። ሰውየው ጋ ሂድ።»

ቅዳሜና እሑድ ካርዱን እንደገና ሲጽፍ ዋለ። አመጣጡ አላስቸገረውም፤ ውርንጭላው በግንባር ቀደምነት፣ መኝታው በሁለተኛነት፣ አውራ ጣቱም «ቀድሞ ይታመን የነበረ» ተብሎ በቦታው ገባ። የጸሐፊ ስም በሚለው ቦታ የመረዋን ጻፈ። ያስቸገረው ፍቺው ነበር። መጀመሪያ «ዳተኛ ፈሪ» አለ፤ ስንፍናውንና ፍርሃቱን አንድ ላይ ይይዛልና ደስ አለው። ቀጥሎ «ማድረግ የሚገባውን እያወቀ የሚቀመጥ» ብሎ ጨመረበት። አነበበውና ሰረዘው። ትክክል አይደለም፤ ያ የቃሉ ፍቺ ሳይሆን የሱ የራሱ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ የራስን ጉድ መጻፍም ስህተት ነው። «ዳተኛ ፈሪ» ብቻውን ቀረ።

አሁን ሰኞ ጠዋት ነው። ጋሽ እርማት በመረዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። በእጁ አዲሱ ካርድና ሦስተኛው ቁራጭ አሉ። ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ መሄድ አስቦ ነበር፤ ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ብቻውን ይናገራል። ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አነሣው። ከታች ዘበኛው «አለች!» ሲል ይሰማል፤ ሳቁ ደረጃውን ይወጣል።

«ጋሼ! ምነው በጠዋቱ?» አለ መረዋ ኮቱን እያወለቀ። «ዋና አዘጋጅ ይቆማል እንዴ?»

«አንብበው» ብሎ ቁራጩን ዘረጋለት።

መረዋ አነበበ። ጽሑፉን አነበበ፣ በቀይ የተጻፈውን አነበበ፣ ማህተሙ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ዘጠኝ ዓመት?» አለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ስጠይቅዎት... የለም ብለውኝ ነበር።»

«ነበረ።»

መረዋ ወንበሩን ስቦ አልተቀመጠም። ቁራጩን አገላብጦ ጀርባውን አየ፤ ምናልባት እዚያ ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነ። ባዶ ነው። «እና ሲፈርሙም ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

ጋሽ እርማት ራሱን ነቀነቀ። ይህን ያህሉን ወረቀቱ ነግሮለታል። ወረቀቱ የማያውቀው አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ይህ ሰው ካርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የገዛ እጁን ማመን ያቃተበት የዚያች ነጥብ ነገር። እሷን ከሱ ሌላ የሚነግረው የለም። ከመስኮቱ ሥር መዶሻው ይመታል። ጋሽ እርማት አውራ ጣቱን ከኪሱ አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ነጥቧን...» አለ፤ ድምፁ በመዶሻው ተዋጠ። መዶሻው እስኪያርፍ አልጠበቀም። አሁን ከመዶሻው በላይ እንዲሰማ አድርጎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እየጀመረ ነው።